የፈሪሳውያን እርሾ በእኛም ሊጥ ውስጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ እርሾ እንደሚጨምሩበት የማያውቅ ከመካከላችን የለም። እርሾ ከቀድሞው ሊጥ የተረፈ ጥቂት ነገር ነው። ወደ አዲሱ ሊጥ ከገባ በኋላ ግን ፈልጎ የሚያገኘው፣ ከዱቄቱ ለይቶም የሚያወጣው የለም። ሊጡ አድሮ ኩፍ ሲል፣ እንጀራውም ተጋግሮ በመሶብ ሲቀርብ፣ ከዳር እስከ ዳር የእርሱን ጣዕም ይዞ ይገኛል። ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ከፈሪሳውያን እርሾ እንዲጠበቁ ባስጠነቀቀ ጊዜ ይህን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር ምሳሌ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ እርሾ በቅዱሳት መጻሕፍት በሦስት ቦታ በሦስት መልክ ተገልጦ እናገኘዋለን። በሉቃስ 12፥1 ግብዝነት ተብሎ ተተርጉሟል። በማቴዎስ 16፥12 የፈሪሳውያንና የሰዱቃውያን ትምህርት ተብሏል። በገላትያ 5፥9 ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ስለ እርሾ ሲያነሣ የሚነቅፈው፣ ያለ ግዝረት መዳን የለም እያሉ ክርስቶስ አርነት ያወጣቸውን ምእመናን ዳግመኛ ወደ ቀንበር የሚመልሱትን ሰዎች ነው። ግብዝነት፣ የሐሰት ትምህርትና ያለ ፍቅር የተሸከሙት ሕግ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይመስሉናል፤ መጽሐፍ በአንድ ስም የጠራቸው ግን ጠባያቸው አንድ ስለሆነ ነው። ሦስቱም በጥቂቱ ይጀምራሉ፤ ሦስቱም ከመልካሙ ዱቄት ጋር ይደባለቃሉ፤ ሦስቱም ካደሩ በኋላ ለመለየት ያስቸግራሉ።

፩. ፈሪሳውያን እነማን ነበሩ?

የፈሪሳውያን ስም በተነሣ ቁጥር «ክፉዎች ነበሩ» ብለን ልናልፋቸው እንቸኩላለን። እንዲህ ካልን ግን የጌታችን ማስጠንቀቂያ እኛን እንደማይመለከት ቆጠርነው ማለት ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በሄሮድስ ዘመን ቁጥራቸው ከ6,000 በላይ እንደ ነበረ ጽፏል። ሰዱቃውያን የሙታንን ትንሣኤ ሲክዱ ፈሪሳውያን ያምኑ ነበር (ሐዋ. 23፥8)። መጻሕፍትን ይማራሉ፤ ያስተምራሉ፤ ይጾማሉ፤ ይጸልያሉ፤ ዐሥራት ያወጣሉ። ከምኵራብ የሚርቁ፣ ስመ እግዚአብሔርን የሚያቃልሉ ሰዎች አልነበሩም።

እንግዲህ እናስተውል። ጌታችን የተግሣጽን ቃል አብዝቶ የተናገረው በእግዚአብሔር ቤት ደጅ ላልደረሱት አልነበረም፤ ለቤቱ ቅርብ ለነበሩት ነበር እንጂ። ግብዝነት ሃይማኖት በሌለበት ሊበቅል አይችልም፤ አስመስሎ መታየት የሚፈለገው የሚመሰለው ነገር የተከበረ ሲሆን ነውና። ሐሰተኛ ብር የሚሠራ ሰው ዋጋ ያለውን ብር ይመስላል እንጂ ዋጋ የሌለውን ቁራጭ ወረቀት አይመስልም። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ ከማንም በፊት መዝሙር የምናጠናውን፣ ኮርስ የምንማረውን፣ ነጠላችንን መስቀልኛ አጣፍተን በሰልፍ የምንቆመውን እኛን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ይመለከታል።

፪. ሚዛኑ የተዛባው የት ላይ ነው?

በማቴዎስ 23፥23 ጌታችን የፈሪሳውያንን ስሕተት በጓዳ ዕቃ ያሳየናል። ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙንም ሳይቀር ዐሥራት ያወጡ ነበር። ይህን ያህል ጥንቃቄ ያላቸው ሰዎች ግን ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ተዉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነገር አለ። ጌታችን የአዝሙዱን ዐሥራት አቁሙ አላለም፤ ይህን ሳይተዉ ያንን ማድረግ ይገባቸው እንደ ነበር ነገራቸው እንጂ። ስሕተቱ ትንሿን ትእዛዝ መጠበቃቸው አይደለም፤ ትንሿን ጠብቀው በእርሷ ጥላ ሥር ታላቂቱን መቅበራቸው ነው።

በማርቆስ 7፥9–13 ደግሞ ከዚህ የከፋ ምሳሌ እናገኛለን። አንድ ሰው አባቱንና እናቱን ሊጦርበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ብሎ ለእግዚአብሔር የተለየ ካደረገው፣ ወላጆቹን ከመርዳት ነጻ ሆነ ተብሎ ይፈቀድለት ነበር። የአምላክ ስም ከአምላክ ትእዛዝ ማምለጫ ሆነ። ይህ ነገር በዚያ ዘመን የቀረ አይመስለንም። ለማኅበር ጠበል ጠዲቅ ብዙ ወጪ አድርጎ ደጁ ላይ ያለውን ደካማ ወላጁን የማይጠይቅ ሰው፣ ወይም ከአገልግሎት መርሐ ግብር አንድም ሳይቀርበት ቤቱ ግን የታመመች እናቱን ውኃ የማያቀርብላት ወጣት፣ ያንኑ «ቁርባን» የሚለውን ቃል በሌላ ልሳን መናገሩ ነው።

አባቶቻችን ውጫዊው አምሮ ውስጣዊው የማይታይን ነገር ሲገልጡ «ውስጡን ለቄስ» ይላሉ። አነጋገሩ ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ያስፈራል። ውስጡን ለንስሓ አባቱ እንኳ የማይገልጥ ሰው ውስጡን ለማን ሊተው ነው? በሰው ፊት የምናሳየው ገጽና በእግዚአብሔር ፊት ያለው ገጽ ሁለት ከሆነ፣ የምንደክመው አንዱን ለማስዋብ ነው፤ የምንፈረድበት ግን በሌላው ነው።

፫. የረቡዕና የዓርብ ጾም

ይህን ነገር በሩቅ ሳይሆን በየሳምንቱ በምንፈጽመው በጾም እንመልከተው። በኦሪት ለሕዝቡ ሁሉ በሕግ የታዘዘው ጾም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በማስተሥረያው ቀን ነበር (ዘሌ. 16፥29)። በሉቃስ 18 በቤተ መቅደስ ቆሞ የጸለየው ፈሪሳዊ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደሚጾም ይናገራል። ከታዘዘው በላይ ማድረጉ ባልከፋ፤ የከፋው ጾሙን እንደ ድንጋይ አንሥቶ በቀራጩ ላይ መወርወሩ ነው።

ከጥንታውያን የክርስቲያን መጻሕፍት አንዱ የሆነው፣ ዲዳኬ ወይም የሐዋርያት ትምህርት የሚባለው መጽሐፍ፣ ክርስቲያኖች ግብዞች በሚጾሙባቸው በሰኞና በሐሙስ ሳይሆን በረቡዕና በዓርብ እንዲጾሙ ያዛል። የዚህ መጽሐፍ ጥቂት ክፍል በግእዙ ሲኖዶስ ውስጥም ተጠብቆ ይገኛል። እኛም እስከ ዛሬ ረቡዕን የአይሁድ ምክር የተፈጸመበት፣ ዓርብን ጌታችን የተሰቀለበት ቀን ስለሆነ እንጾማለን። እንግዲህ ረቡዕና ዓርብ ገና ከመጀመሪያው ከግብዞች ጾም የተለዩ ቀኖች ናቸው። ቀኑን ለይተን ጠባዩን ግን ካልለየን፣ ከሐሙስ ወደ ዓርብ ከመሻገር በቀር ምን አተረፍን?

ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ጾማቸው ለምን እንዳልታየላቸው እግዚአብሔርን ለሚጠይቁ ሰዎች የተሰጠውን መልስ ጽፎልናል። በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበር፤ ለጥልና ለክርክርም ይጾሙ ነበር። መልሱ ከሰማይ የመጣ ቢሆንም ስለ ጓዳና ስለ ገበያ ይናገራል። እስቲ ወደ ራሳችን ገበያ እንመልሰው። በሁዳዴ ቅቤ በአፉ የማያዞር ነጋዴ ለፋሲካ በሚሸጠው ቅቤ ላይ ሙዝ ከደባለቀ፣ በበርበሬው ላይ የሸክላ ዱቄት ከነሰነሰ፣ ጾሙ የማን ነው? እመቤቲቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ስትቆይ፣ ከሌሊት ጀምሮ ቆማ የዋለችውን የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ለሦስት ወር ከያዘችባት፣ ያ ጾም የሚያርገው ወዴት ነው? ቅዱስ ያዕቆብ የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይነግረናል (ያዕ. 5፥4)። እኛም ተማሪዎች ሌሊቱን ሰዓታት ቆመን ጧት ወደ ፈተና አዳራሽ ገብተን ከጎረቤታችን የምንኮርጅ ከሆነ፣ ሌሊት የዘመርንለት አምላክ ጧት በአዳራሹ ውስጥ የለም እያልን ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ387 በአንጾኪያ፣ ሕዝቡ በታላቅ ፍርሃት ውስጥ ሳለ፣ በዐቢይ ጾም ባስተማራቸው ትምህርቶቹ ከእንስሳ ሥጋ ተከልክሎ የወንድሙን ሥጋ በሐሜት የሚነክስን ሰው አጥብቆ ገሥጿል። የእኛው ሊቅ ቅዱስ ያሬድም ዓይን፣ አንደበትና ጆሮ ጭምር እንዲጾሙ በዜማው ያስተምረናል። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መከልከል የጾም በር ነው። በበሩ የገባ ሰው ወደ ቤቱ ዘልቆ ይቀመጣል እንጂ በሩን ታቅፎ አይውልም።

፬. የአባ ሙሴ ጢስ

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም በገዳመ አስቄጥስ ይኖር በነበረ ጊዜ አንድ ሱባዔ በሙሉ እንዲጾሙ ለመነኮሳቱ ትእዛዝ ወጣ። በዚያው ሳምንት ከግብፅ አገር ወንድሞች ሊጠይቁት መጡ። አባ ሙሴም ከመንገድ ደክመው ለመጡት እንግዶች ጥቂት ምግብ አበሰለላቸው። ጎረቤቶቹ ከበዓቱ የሚወጣውን ጢስ አይተው ትእዛዙን አፈረሰ ብለው ለካህናቱ ከሰሱት። ቀዳሚት ሰንበት ደርሶ ወደ ጉባኤው በመጣ ጊዜ ግን የአባ ሙሴን ተጋድሎ የሚያውቁት ካህናት በሁሉም ፊት የሰውን ትእዛዝ ቢያልፍ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ መሰከሩለት።

በዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ጿሚዎች እንመለከታለን። ጎረቤቶቹ ሆዳቸውን ከምግብ ከልክለዋል፤ ዓይናቸው ግን የሌላውን ጢስ ይቆጥር ነበር። አባ ሙሴ እሳት አነደደ፤ ያነደደው ግን ለእንግዳ ነው። ካህናቱም ሥርዓቱን አላቃለሉም፤ ሥርዓቱ ለምን እንደ ተሠራ ስለሚያውቁ በትክክል ፈረዱ እንጂ። ሥርዓትን ከልብ የሚያከብር ሰው የሥርዓቱን ዓላማ ያውቃል፤ ዓላማውን ያላወቀ ግን ሥርዓቱን የሰው መምቻ ዱላ ያደርገዋል።

እስቲ አንዲት እኅት በዓርብ ማታ ከሥራ ተነሥታ፣ በአውቶቡስ ተጋፍታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት መጣች እንበል። ነጠላ አልያዘችም። የመዝሙር ቦታም አታውቅም። ደጅ ላይ የቆመው አገልጋይ ስሟን ሳይጠይቃት ስለ አለባበሷ በሰው ፊት ቢገሥጻት፣ እርሷም በመጣችበት እግሯ ብትመለስ፣ በሚመጣውም ዓርብ ብትቀር፣ የጠፋውን በግ ፍለጋ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው እረኛ ከሁለቱ በማን ላይ ያዝናል? ነጠላ ማጣፋት መልካም ሥርዓታችን ነው፤ እንጠብቀዋለን። ነገር ግን አንድ ትርፍ ነጠላ አምጥቶ በፍቅር ማልበስም ይቻል ነበር። ሥርዓቱም ይጠበቅ ነበር፤ ነፍሲቱም ትተርፍ ነበር።

፭. ግብዝነት ትምህርት ሲሆን

ግብዝነት በአንድ ሰው ልብ ተወስኖ አይቀርም፤ ጊዜ ሲያገኝ ትምህርት ይሆናል። በሐዋርያት ሥራ 15 ከይሁዳ የወረዱ አንዳንድ ሰዎች ከአሕዛብ ያመኑትን ካልተገረዛችሁ ልትድኑ አትችሉም እያሉ አስተማሩ። ሐዋርያትና ቀሳውስት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው፣ አባቶቻቸውም እነርሱም ሊሸከሙት ያልቻሉትን ቀንበር በደቀ መዛሙርት ጫንቃ ላይ እንዳይጭኑ ወሰኑ። ነገሩ እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ ድረስ የደረሰ ፈተና ነበር። በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረው ሐዋርያ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕድ ባፈገፈገ ጊዜ፣ በርናባስ ሳይቀር በዚያ ግብዝነት ተስቦ ነበር (ገላ. 2፥11–14)። ቅዱስ ጳውሎስም በሁሉም ፊት ተቃወመው። ጉዳዩ የማዕድ ቢመስልም ወንጌልን የሚነካ ነበርና ዝም ሊባል አልተቻለም።

የእኛም አባቶች ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1555 አፄ ገላውዴዎስ ኢትዮጵያውያን እንደ አይሁድ ናቸው የሚለውን የኢየሱሳውያንን ክስ ለመመለስ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ የኢትዮጵያ ሰው የሚገረዘው እንደ አገር ልማድ እንጂ ለመዳን ሕግ አድርጎ እንዳልሆነ፣ የእሪያን ሥጋም የሚበላውን እንደማይጸየፉ፣ የማይበላውንም ብላ ብለው እንደማያስገድዱ ገልጸዋል። ልማድን ልማድ፣ እምነትን እምነት ብለው ለዩ። ይህ መለየት የጠፋ ዕለት ልማዳችን ጣዖት ይሆናል።

ከዚያ አስቀድሞም በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በጋንግራ ከተማ የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት 20 ቀኖናዎችን ሠርተዋል። ይህች ከተማ ከ451 የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ቅዱስ ዲዮስቆሮስ የተጋዘባትና በስደት ያረፈባት፣ በእኛ መጻሕፍት ጋግራ የምትባለው ናት። ጉባኤው የተሰበሰበው በጥቂቱ በሚጾሙ ላይ አልነበረም፤ ከሚገባው በላይ በሚጨክኑት፣ የሰባስጥያው ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች በሆኑት ላይ ነበር እንጂ። (ይህ ሰው የእኛው ቅዱስ አባ ኤዎስጣቴዎስ አይደለም።) እነዚህ ሰዎች ጋብቻን ይነቅፉ ነበር፤ ከባለ ትዳር ቄስ እጅ መቍረብን ይጸየፉ ነበር፤ በእሑድ ሰንበት ይጾሙ ነበር፤ ለድሆች የሚደረገውን የፍቅር ማዕድ ይንቁ ነበር፤ በመንፈሳዊነት ስም ወላጆች ልጆቻቸውን፣ ልጆችም ወላጆቻቸውን ይተዉ ነበር። አባቶች ይህን ሁሉ አወገዙ። በመጨረሻም ድንግልናን ከትሕትና ጋር፣ ተጋድሎን ከእውነተኛ አምልኮ ጋር እንደሚያከብሩ፣ የሚያወግዙት ግን ተጋድሎን የትዕቢት መሰላል ያደረጉትን እንደሆነ ገለጹ። ቤተ ክርስቲያን ከልክ ያለፈ ጭካኔንም እንደ ኑፋቄ የምትቆጥር መሆኗን እናስተውል።

ዛሬስ? ዛሬም በቅድስና ልብስ የተሸፈነ የሐሰት ትምህርት በመካከላችን ይዘራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በሕመምተኞች ላይ የሚሠራው ነው። ወደ ጠበል የመጣን በሽተኛ «መድኃኒትህን ጣል፤ ካልጣልህ እምነት የለህም» የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። በዚህ ቃል ምክንያት የኤች.አይ.ቪን፣ የስኳርን፣ የሚጥል በሽታን መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ምእመናን ሁለቱንም እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እርሱ ነው የሚል ትምህርት ይሰጠናል። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ በሽታ የከለከለውን ሰው ከጤነኛው ይለያል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ያላሠረችውን ሕመምተኛ የሚያሥር ሰው ከየት ሥልጣን አገኘ? ከመካከላችን ማንም ይህን ቃል ሲነገር ቢሰማ ዝም አይበል፤ ሕመምተኛውን በፍቅር ይዞ ወደ ንስሓ አባቱና ወደ ሐኪሙ ይውሰደው። ስለዚህ ነገር ዝም ማለት በደም መተባበር ነው።

ሌላም አለ። ቅዱስ ቍርባን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ ነው፣ ወጣት አይገባውም የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ልብ ሥር ሰዷል። ማንም አባት እንዲህ ብሎ አልደነገገም፤ ነገር ግን ሲወርድ ሲዋረድ እንደ ሕግ ተቆጠረ። ትሕትና ይመስላል፤ ፍሬው ግን ወጣቱን እስኪሸመግል ድረስ ከንስሓና ከሥጋ ወደሙ ማራቅ ነው። መፍራት ይገባል፤ ፍርሃቱ ግን ወደ ንስሓ አባት የሚያስሮጥ እንጂ ከመድኃኒቱ የሚያስሸሽ ሊሆን አይገባም።

፮. በሌላው በኩል ያለው ገደል

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሰምተው «እንግዲያው ጾምም ሥርዓትም አያስፈልግም፤ ልብ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል» ይላሉ። ይህም ሌላ የሐሰት ትምህርት ነው። ከግራው ገደል የሸሸ ሁሉ በመንገድ ላይ ነው ማለት አይደለም፤ ወደ ቀኙ ገደል ሊወድቅ ይችላልና። ጌታችን ራሱ አርባ ቀን ጾሟል፤ ሙሽራው በሚወሰድበት ጊዜም ደቀ መዛሙርቱ እንደሚጾሙ ተናግሯል (ማቴ. 9፥15)። በማቴዎስ 6 ስለ ግብዞች ጾም ሲያስተምርም ራሳችንን ተቀብተን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ በስውር እንድንጾም አዘዘ እንጂ ጾምን አላስቀረም። ቅዱስ ጳውሎስም ለአርነት እንደ ተጠራን፣ ነገር ግን አርነቱን ለሥጋ ምክንያት እንዳናደርገው ያስጠነቅቀናል (ገላ. 5፥13)።

«ልቤ ንጹሕ ነው» የሚለውም ሰው እኮ ከፈሪሳዊው ብዙ አይርቅም። አንዱ በጾሙ ይመካል፤ ሌላው ባለመጾሙና «ወግ አጥባቂ አይደለሁም» በማለቱ ይመካል። አንዱ ቀራጩን ሲንቅ ሌላው ፈሪሳዊውን ይንቃል። በሁለቱም ልብ ውስጥ ያለው እርሾ አንድ ነው፤ እርሱም ራስን ከወንድም አብልጦ ማየት ነው።

፯. ራሳችንን የምንመረምርበት

እንግዲህ እርሾው መኖሩን በምን እናውቃለን? ከቅዱሳት መጻሕፍት ተምረን ጥቂት ጥያቄዎች በልባችን ብንይዝ ይጠቅመናል።

ሀ/ ማንም በማያየን ጊዜ የምንጸልየው በጉባኤ ከምንጸልየው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ጸሎታችን በሰው ፊት ብቻ የሚረዝም ከሆነ የሚሰማን ሰው እንጂ አምላክ አይደለም።

ለ/ አንድ ወንድም ሲወድቅ ስንሰማ ቀድሞ የሚሰማን ኀዘን ነው ወይስ «እኔ እንደ እርሱ አይደለሁም» የሚል ስውር ደስታ? የሉቃስ 18ቱ ፈሪሳዊ ጸሎቱን የጀመረው በዚህ ነበር።

ሐ/ የምንሰማው ትምህርት ወደ ክርስቶስ፣ ወደ ንስሓና ወደ ፍቅር ያቀርበናል ወይስ ወደ አስተማሪው? መምህሩ ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር ይስማማል ወይስ ራሱን ብቻ የምሥጢር ባለቤት ያደርጋል? ገንዘብና ፍርሃት በአንድነት የሚጠየቁበት ጉባኤ ከጌታችን ማዕድ የራቀ ነው።

መ/ በሌላው ላይ የምንጭነውን ሸክም እኛ በጣታችን እንኳ እንነካዋለን? (ማቴ. 23፥4)።

ሠ/ የጾማችን ትርፍ ለማን ይደርሳል? ያልበላነው ምሳ ለተራበ ጎረቤት ካልሆነ ለራት ተጠራቅሞ የሚቆየን ከሆነ፣ ጾሙ የሰዓት ለውጥ ብቻ ሆኗል።

፰. ፈሪሳዊው በሌሊት መጣ

በመጨረሻ ተስፋችንን እንመልከት። የዐቢይ ጾም ሰንበታት ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ስም እንዳላቸው እናውቃለን። በሦስተኛው ሳምንት፣ በምኵራብ፣ ጌታችን ቤተ መቅደሱን ከነጋዴዎች እንዳጸዳ እንሰማለን። ሰባተኛውን ሰንበት ግን ቤተ ክርስቲያናችን በማን ስም ሰየመችው? በኒቆዲሞስ ነው። ኒቆዲሞስ ማን ነበር? ፈሪሳዊ ነበር፤ የአይሁድም አለቃ ነበር (ዮሐ. 3፥1)። ሃምሳ አምስት ቀን ከምንጾመው ጾም ውስጥ አንዱ ሰንበት ለአንድ ፈሪሳዊ መታሰቢያ ሆኖ መሰጠቱ ድንቅ ነገር ነው።

ይህ ሰው መጀመሪያ በሌሊት መጣ፤ ሰውን ይፈራ ነበርና። መምህር ሳለ ሊማር ተቀመጠ። አለማወቁንም አልሸሸገም፤ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛ ጊዜ በሸንጎ መካከል ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት በቀስታ ተናገረ (ዮሐ. 7፥50–51)። ሦስተኛ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት፣ መቶ ነጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ፣ ከዮሴፍ ጋር የጌታችንን ሥጋ በግልጥ ገነዘ (ዮሐ. 19፥39)። በሌሊት የተጀመረው መንገድ በመስቀሉ ሥር ተፈጸመ። የሌላውን ጽዋ ውጭ ይፈትሽ የነበረ እጅ የአምላኩን ቍስል ነካ።

ስለዚህ ከመካከላችን ማንም እርሾው በልቡ እንዳለ ቢያውቅ ተስፋ አይቁረጥ። ፈሪሳዊ ለነበረው ለጳውሎስ የተደረገው ምሕረት፣ ለኒቆዲሞስ የተከፈተው በር ዛሬም አልተዘጋም። በሩ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ራሱን ቀና ያደረገ አይገባበትም። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውጭ ግድግዳውን ተሳልመው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚቆሙ ብዙ ሰዎች አሉ። በዕለተ ሰንበት በአጠገባቸው ስናልፍ በሩቅ ቆሞ ደረቱን እየመታ ይለምን የነበረውን ቀራጭ እናስበው። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው እርሱ ነበርና። ከእነርሱ አንዱን ሰላም ብለን እጁን ይዘን «ወንድማችን፣ ና አብረን እንግባ» ብንለው፣ በዚያች ቀን ጾማችን ጾም፣ መዝሙራችንም መዝሙር ይሆናል።

ቸሩ አምላካችን አሮጌውን እርሾ ከልባችን አስወግዶ በቅንነትና በእውነት ቂጣ በዓሉን የምናከብር ያድርገን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።